የማኅበር ቤቷ ቂም

ስሜነሽን የበደለ ሰው ሳይቀጣ ክረምት አልፎ አያውቅም። እንዲህ ብላ የምታወራው ራሷ ስሜነሽ ናት፤ እንጅባራ ካለው ሆስፒታል የሠራተኞች ክበብ ጓዳ ውስጥ ቆማ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ለሚሰማትም ለማይሰማትም። «እኔን የነካ ሰው ቢቆይም የእጁን ያገኛል። አንድ እንኳ አምልጦኝ አያውቅም» ትልና ማስረጃዋን ትደረድራለች። ስድስተኛ ክፍል እያለች ጆሮዋን ጠምዝዞ ከክፍል ያስወጣት የሒሳብ መምህር፣ የብስክሌቱ ጎማ ሰኞ ሰኞ ለምን እንደሚተነፍስ ሳይገባው ወደ ጫግኒ ተዛወረ። ለገበያ ያወጣችውን ድንች ጭቃ ላይ የደፋችባት የጎረቤት ልጅ ደግሞ በሠርጓ ቀን ከጫማዋ የተገኘው አንዱ እግር ብቻ ነው። ሁለተኛው የት ገባ ብለው ሲጠይቋት ስሜነሽ በመስኮት ዝናቡን ታያለች።

ትምህርቱን እዚያው ስድስተኛ ላይ ነው ያቆመችው። አሁን ዐሥራ ሰባት ሆኗታል፤ ስኒ ታጥባለች፣ ዳቦ ትቆርጣለች፣ ሻይ ታመላልሳለች። ከበደሏት ሰዎች ሁሉ ያልተነካ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷታል፤ እሱም ዶክተር ባምላክ ነው። ለእሱ ጊዜ ስጡኝ ነው የምትለው። ጊዜው አልደረሰም እንጂ እሱንስ የረሳው የለም።

ነገሩ የአምና ነው። ጥቅምት ላይ ስሜነሽን ሆዷን ቆረጣትና እናቷ ደግፋ እዚሁ ሆስፒታል አመጣቻት፤ አልጋ ያዘች። በማግስቱ ጠዋት ዶክተር ባምላክ ተማሪዎቹን አስከትሎ ክፍሉ ገባ። ራሱም ገና ጀማሪ ሐኪም ነበር፤ ከተመረቀ ብዙ አልቆየም። የሚከተሉት ተማሪዎች ደግሞ የነጭ ጋዋናቸው እጥፋት እንኳ ያልለቀቀ ልጆች ናቸው። አልጋዋን ከበቡት። መጋረጃውን የዘጋ የለም፤ ስምሽ ማነው ያላትም የለም። ባምላክ ብርድ ልብሱን ገለጠና እስኪ ንኩ አላቸው፤ እነሱም እየተጋፉ እንደ ገበያ ዱባ መታ መታ አደረጓት። ከዚያ ጥያቄ ጠየቃቸው፤ የመለሰለት ጠፋ። ተማሪዎቹ እንደ ፈሩት አይቶ ነው መሰል፣ ሊያሳቃቸው ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ምን ያስጨንቃችኋል? ሆዷ ውስጥ ወስፋቶቹ ማኅበር እየጠጡ ነው። የዚህ ወር ተረኛዋ እሷ ናት።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከአዘና የመጡ አንዲት ባልቴት አጠገቧ ተኝተው ነበር፤ አማርኛው ብዙም ስለማይገባቸው ሰዉ ምን ሆኖ ነው የሚስቀው ብለው ጠየቁ። አስታማሚያቸው በአዊኛ አንድ በአንድ ተረጎመላቸው። እሳቸውም ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። በአማርኛ ያመለጠው ሰው ካለ በአዊኛ ደረሰው ማለት ነው። ስሜነሽ ብርድ ልብሱን ሳበችና ፊቷን ሸፈነች። ኪኒን ተሰጣት፣ ዋጠች፣ ዳነች። ወስፋቱ ወጣ፤ ሳቁ ግን ውስጧ ቀረ።

ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ወደ ቤት የወሰዳት የአወቀ ባጃጅ ነው። አወቀ የሰፈሯ ልጅ ነው፤ ዶክተሩን ብቻዋን ከምትረግመው አብሯት እንዲረግምላት ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረችው፤ ማኅበሩንም፣ ተረኛነቱንም፣ የባልቴቷን ሳል ሳይቀር። አወቀም መሪውን እየመታ ጥሩ አድርጎ ረገመላት። ሳምንት ሳይሞላ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው የቆሙት ባጃጆች ሁሉ ባዩዋት ቁጥር ይለክፏት ጀመር። «የማኅበር ቤት፣ የዛሬው ተረኛ ማነው?» ይላታል አንዱ። «ጠላው ደረሰ ወይ?» ይላታል ሌላው። ስሜነሽ ይህንንም ጽፋ የያዘችው በባምላክ ላይ ነው። የከተማውን አፍ የከፈተብኝ እሱ ነው ትላለች፤ ለሰማትም ሁሉ ነገሩን እንደገና ከመጀመሪያው ታወራዋለች።

የክበቡ ኃላፊ እትዬ ዘውድነሽ የእናቷ የሩቅ ዘመድ ናቸው። ልጅቱ ቤት ከምትውል ብለው ሲቀጥሯት ስሜነሽ ዓይኗን አላሸችም። ጠላትን ከሩቅ ከመርገም በቅርብ ሆኖ ሻዩን ማቀዝቀዝ ይሻላል ብላ ነው። እንዳለችውም የዶክተር ባምላክ ሻይ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ የሚደርሰው ዳቦ ሁልጊዜ ጫፉና ደረቁ ነው። እሱ ግን ስኒውን ሲቀበል «እናመሰግናለን» ይላታል፤ አላወቃትም። አምና ያየው ሆዷን እንጂ ፊቷን አልነበረም። ከሁሉ የሚያንገበግባት ይህ ነው። ሰው የሚበቀለው እኮ ተበቃዩን የሚያውቅን ሰው ነው፤ የማያውቅማ ሻይ ቀዘቀዘ ብሎ ይጠጣል።

ዘንድሮ ሆስፒታሉ አንድ ነገር ጀመረ። ተማሪ ሐኪሞቹ በዝተው መጡ፤ የሚያስተምሯቸው ደግሞ ጀማሪዎቹ ሐኪሞች ናቸው። ጀማሪዎቹ ሕክምናውን ያውቃሉ፤ ማስተማሩን ግን ያሳያቸው የለም፤ እያንዳንዱ እሱን ባስተማሩት ዓይነት ያስተምራል፤ እሱን ሲሰድቡት የነበረ ይሳደባል፣ ሲያሳፍሩት የነበረ ያሳፍራል። ይህን ያዩ አንዲት ሴት ሐኪም፣ ዶክተር ሙሉነሽ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው ሸበት ያለ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው፣ ለጀማሪዎቹ ማስተማርን የሚያስተምር ሥልጠና ከፈቱ። አዳራሹ ውስጥ አንድ አልጋ ይቀመጣል። ታካሚ መስሎ የሚተኛ ሰው ይፈለጋል። ጀማሪው ሐኪም አንድ ተማሪ ይሰጠውና በዚያ አልጋ አጠገብ ሲያስተምር ሌሎቹ ተቀምጠው ያዩታል። ሲጨርስ መጀመሪያ ራሱ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ቀጥሎ ተማሪው ይናገራል፤ ቀጥሎ ታካሚው።

ስሜነሽ ይህን ሁሉ ሻይ ስታድል ነው የሰማችው። እስከዚህ ድረስ ምኗም አልነበረም። ዶክተር ሙሉነሽ ግን አንድ ነገር ጨመሩ። ታካሚው «ይህ ሰው ደግሞ ባይነካኝ እመርጣለሁ» ካለ ያ ሐኪም ተማሪ አይሰጠውም፤ ሥልጠናውን ከሌላው ዙር ጋር እንደገና ይጀምራል አሉ። የሠልጣኞቹን ስም ሲያነቡ ደግሞ ባምላክ አለበት። ስሜነሽ ትሪውን አጥብቃ ያዘች፤ ስኒዎቹ ተንጫጩ።

ታካሚ የሚሆን ደፋር ሰው ካላችሁ ብለው ወደ ክበቡ ሲመጡ እትዬ ዘውድነሽ ወደ ጓዳው በአገጫቸው ጠቆሙ። ከዚያ ስሜነሽን ጎተት አድርገው፣ ጥፋትሽ ሁሉ ከአፍሽ ነው፣ ዛሬ ግን አፍ ያላት ሰው ተፈልጓልና ሂጂ፤ ብቻ አደራ፣ ያን ያምናውን ነገርሽን ይዘሽ እንዳትገቢ አሏት። ስሜነሽም የቱን ነገር፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ አለችና ሽርጧን ፈትታ ሮጠች።

ዶክተር ሙሉነሽ የምትሆነውን ሕመም አስጠኗት። ስምሽ ወርቅአየሁ ነው አሏት። ሕመሙ ከትናንት ጀምሮ እምብርትሽ ዙሪያ ነበር፤ አሁን በቀኝ በኩል ወደ ታች ወርዷል። ምግብ አስጠልቶሻል። በቀኝ ሲጫኑሽ ያምሻል፣ ሲለቁሽ ደግሞ ይብስሻል፤ በግራ ምንም የለሽም። የትርፍ አንጀት ነው። ለሁሉም ሐኪም አንድ ዓይነት መሆን አለብሽ፣ አለዚያ ማወዳደር አንችልም አሏት። ስሜነሽ እንደ ጸሎት በቃሏ ያዘችው። ሲጫኗት አቃሰተች፣ ሲለቋት ጮኸች፣ ዓይኗ ጥግ ላይ እንባ ሳይቀር አመጣች። ዶክተር ሙሉነሽ ከትምህርት ቤት ማን አስወጣሽ ብለው ጠየቋት። ስሜነሽ የሒሳብ መምህሩን ስም ልትነግራቸው ነበር፤ ተወችው። እሱ ሒሳቡን ከፍሏል።

መጀመሪያ የገባው ዶክተር መሳፍንት ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ከገባ ጀምሮ እስኪወጣ ያወራው እሱ ብቻ ነው። ስለ አንጀት አወራ፣ ስለ ደም ሥር አወራ፣ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ስላየው አንድ በሽተኛ አወራ። ተማሪው እጁን ከጋዋኑ ኪስ ሳያወጣ ቆሞ ቀረ። ስሜነሽማ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታቃስት ሊያልቅባት ስለሆነ ማንም ሳይነካት ራሷ አቃሰተች። ቀጥላ ዶክተር እመቤት ገባች፤ እሷ ደግሞ ተማሪዋን በጥያቄ ላይ ጥያቄ አከታትላ ልጅቱ ስሟንም ረሳች። ስሜነሽ ለሁለቱም ምስክርነቷን በለስላሳ አፍ ሰጠች። ዶክተር መሳፍንት ደህና ሰው ናቸው፣ ብቻ ትንሽ ይረፉ፤ ዶክተር እመቤት ጎበዝ ናት፣ ብቻ ልጅቱ ሊያልባት ደረሰ አለች። ሁለቱም ደግመው ቢነኳት አትጠላም። ዶክተር ሙሉነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሚዛናዊ ልጅ ናት ብለው ነው። ስሜነሽ ግን መርዟን እያጠራቀመች ነበር።

የበቀሏ ዕቅድ ቀላል ነው። ለሌሎቹ ቀኝ በኩል የሚያማት ለባምላክ ግራ በኩል ያማታል። የትርፍ አንጀት አስተምራለሁ ብሎ የተዘጋጀ ሰው ተማሪው ፊት፣ ጓደኞቹ ፊት፣ ዶክተር ሙሉነሽ ፊት ይደናበራል። አምና በእሷ ላይ እንዳሳቀ ሁሉ ሰው ይሥቅበታል። ሲያልቅ ደግሞ ያችን አንድ ቃል ትናገራለች፤ ባይነካኝ እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ተማሪ የሌለው አስተማሪ ሆኖ ቀዝቃዛ ሻዩን ይጠጣ።

ባምላክ ሜላት የምትባል ተማሪ አስከትሎ ገባ። ሜላት ቀጭን ናት፤ ስትናገር መሬት መሬት ታያለች። ባምላክ ገና ሳይቀመጥ ተንቀሳቃሹን መጋረጃ ጎትቶ ከበሩ በኩል ጋረደው፤ በመተላለፊያው የሚያልፉት ሰዎች አንገታቸውን እያሰገጉ ነበርና። ስሜነሽ ይህን አልጠበቀችም። ከዚያ ወደ ራስጌዋ መጣና ጎንበስ አለ።

«ጤና ይስጥልኝ። ባምላክ እባላለሁ። ስምሽን ማን ልበል?»

«ስሜነሽ» አለች፤ ወርቅአየሁን ረስታ። ምላሷን ነከሰች።

«ስሜነሽ፣ ይቺ ሜላት ናት፤ ገና እየተማረች ነው። ሆድሽን እሷ ብታይሽ ትፈቅጃለሽ? ካልተመቸሽ እምቢ ማለት ትችያለሽ።»

እምቢ ልትል አሰበች። ግን ምን ያደርግላታል፤ በቀሉ ገና ሳይጀመር ሊያልቅ ነው። ትንካኝ አለች።

ሜላት እጇን አሻሸች፤ የእንጅባራ ብርድ እጅ ላይ ነው የሚያድር። በቀኝ በኩል ወደ ታች ተጫነች። ስሜነሽ ጣራውን እያየች እንጉርጉሮ ጀመረች። ተማሪዋ እጇን ለቀቀች። ምንም። ሜላት ግራ ገብቷት ወደ ግራው እጇን አሻገረችና ገና ስትነካት ስሜነሽ አንድ ጩኸት ለቀቀች። በር ላይ ታስሮ የነበረ የባለጉዳይ ፈረስ አነጠሰ። ሜላት ወደ ኋላ ዘለለች። የዶክተር ሙሉነሽ እስክሪብቶ ቆመ። የተቀመጡት ሐኪሞች እርስ በርስ ተያዩ፤ ሁሉም የትርፍ አንጀት መሆኑን ያውቁታላ። ባምላክ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ስሜነሽ በዓይኗ ጥግ እያየችው ደስታዋን እንደ ከረሜላ አላመጠችው። አሁን ያፍራል። አሁን ልጅቱ ላይ ይጮህባታል፤ አጫጫንሽ ልክ አይደለም ይላታል። ወይም ቀልድ ይፈልጋል።

ባምላክ እጁን ከኋላው አጣመረና እውነቱን ተናገረ።

«እኔ በቀኝ በኩል ነበር የጠበቅሁት። አሁን ግን ምን እንደሆነ አላውቅም። ሜላት፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ማን የሚያውቅ ይመስልሻል?»

ሜላት ዶክተር ሙሉነሽን አየች። የተቀመጡትን ሐኪሞች አየች። መጨረሻ ላይ አልጋው ላይ የተኛችውን አየች።

«እሷ» አለች፣ ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ።

«እንግዲያው እኔን ተይኝና እሷን ጠይቂያት።»

ብሎ ወደ አልጋው ግርጌ ፈቀቅ አለላት። ሜላት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ከስሜነሽ ዓይን እኩል ሆነ። መቼ ጀመረሽ አለቻት። እንዴት ያደርግሻል፣ ይወጋሻል ወይስ ይቆርጥሻል አለቻት። ስሜነሽ መዋሸት አለባት፤ ያጠናችውን ትርፍ አንጀት እንዳትል አበላሽታዋለች። አዲስ በሽታ ከየት ታምጣ? በሕይወቷ ከውስጥ የምታውቀው በሽታ አንድ ብቻ ነው። አፏ ሳትልከው ወደዚያው ሄደ። ይቆርጠኛል አለች፣ ከቦታ ቦታ ይዞራል። ይርበኛል፣ ስበላ ደግሞ ያቅለሸልሸኛል። ጠዋት ጠዋት አፌ ምራቅ ይሞላል። ምን በላሽ ስትላት ከማሳ የተነቀለ ካሮት፣ ሳላጥበው፣ በቀሚሴ ጠርጌ አለች። ሜላት እያንዳንዷን ቃል አንገቷን እየነቀነቀች ተቀበለቻት። ቀስ በቀስ መሬት ማየቷን ትታለች። ስሜነሽን እንዲህ ጸጥ ብሎ የሰማት ሰው ትዝ አይላትም፤ ባጃጅ ውስጥም ጓዳ ውስጥም ሰው የሚሰማት ለመሳቅ ነው። ስለዚህ ልብ ሳትለው ተናገረች፣ ከሚገባውም በላይ።

«ከዚህ በፊት እንዲህ አሞሽ ያውቃል?» አለቻት ሜላት።

«አምና።»

«ያኔ ምንድነው አሉሽ?»

ስሜነሽ አፏን ዘጋች። የእትዬ ዘውድነሽ ጓዳ ይመስክር፣ ይህ ከተወለደች የመጀመሪያዋ ነው። ግርጌ የቆመው ባምላክ ቀና አለ። አያት፤ አሁን ሆዷን ሳይሆን ፊቷን። ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ አየችው። አወቃት።

ሜላትም በዚያው ሰዓት አገኘችው። ፊቷ በራ፤ ወደ ተቀመጡት ሐኪሞች ዞረችና ልትናገር አፏን ከፈተች። ባምላክ እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ ሜላት። ያገኘሽውን ለእኛ አትንገሪን። ለባለቤቷ በጆሮዋ ንገሪያት። ልክ ከሆንሽ እሷ ታውቀዋለች። ለሌላ ሰው ይነገር አይነገር ደግሞ እሷ ትወስን።»

ሜላት ጎንበስ ብላ በስሜነሽ ጆሮ ወስፋት ይመስለኛል፣ በኪኒን የሚወጣ ነው፣ የማይዘው ሰው የለም አለቻት። ትንፋሿ ይሞቃል። ስሜነሽ ሳታስበው ራሷን ነቀነቀች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የነቀነቀችውን እንጂ የተባለችውን አላየም።

ጨረሱ። ዶክተር ሙሉነሽ መጀመሪያ ባምላክን ጠየቁት። ያዘጋጀሁት ትምህርት ጠፍቶብኛል፣ ደንግጬ ነበር አለ። ሜላት ቀጠለች፤ አስተማሪዬ አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም፣ አለማወቄ አላሳፈረኝም አለች፤ አሁን ሁሉም ሰምቷታል። ከዚያ ዶክተር ሙሉነሽ ወደ አልጋው ዞሩና የታካሚዋን እንስማ አሉ።

ስሜነሽ የምትለውን ካዘጋጀች ቆይታለች፤ ግን አንዱም አልገጥም አላት። አሳፈረኝ እንዳትል መጋረጃ ዘግቷል። ስሜን አልጠየቀኝም እንዳትል ጠይቋል። በቀሏን ከእጇ ላይ እየፈለቀቀ ሲወስድባት ታያለች፤ ያውም በትሕትና፣ ያውም በሹክሹክታ። ባለጌነቱን የት አባቱ ደብቆት ነው? አንድ ዓመት ሙሉ ቀዝቃዛ ሻይ ያጠጣችው ለዚህ ነው? ደሟ ፈላ። ብርድ ልብሱን ወርውራ አልጋው ላይ ቆመች።

«ምኑ ነው በጆሮ በጆሮ? አምና እኮ በጆሮ አልነበረም! እዚሁ ሆስፒታል፣ ተማሪዎችህን ሰብስበህ፣ መጋረጃ ሳትዘጋ፣ ሆዴን ገልጠህ፣ ወስፋቶቹ ማኅበር እየጠጡ ነው ያልህብኝ እኔ ነኝ። ወስፋት ነበረብኝ፤ አዎ ወስፋት። ከተማው የማኅበር ቤት የሚለኝ በአንተ ነው። ስሜነሽ እባላለሁ፤ እወቁኝ።»

ከኋላ አንድ ተማሪ በሳቅ ፍርፍር ሊል አለና አፉን በእጁ አፈነው። ባምላክ ተነሥቶ ቆመ። ስሜነሽ እንዲክድ ጸለየች፤ ቢክድ አፉ ላይ የምትጥልለት ምስክር ሞልቷታል፣ የአዘናዋን ባልቴት ሳይቀር ታመጣለች።

«ልክ ናት» አለ ባምላክ። «ያልሁት እኔ ነኝ። ስሜነሽ፣ ፊትሽን አላየሁትም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ይቅርታ የሚባለው ነገር ለበቀል እንዴት ያለ መጥፎ አየር እንደሆነ ስሜነሽ ያን ቀን አወቀች። ዶክተር ሙሉነሽ የአምናው ጥፋት ነው፣ እሱን እኔና ባምላክ ለብቻችን እንነጋገርበታለን አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የእኔ ጥያቄ የዛሬው ነው። ዛሬ ያየሽው ሐኪም ደግሞ ቢነካሽ ትፈቅጃለሽ?»

ያቺ ቃል ደረሰች። ሁሉም ሰው ይጠብቃል። ባምላክም ይጠብቃል፤ አንገቱን ደፍቷል። ስሜነሽ ደረቷን ነፋች።

«አልፈቅድም።»

«ምክንያትሽን ንገሪን። እንዲያሻሽል ነው።»

ምክንያት። ምክንያት ሊጠየቅ ይችላል ብላ አላሰበችም። ፈለገች፣ ፈለገች፣ ያገኘችውን ያዘች።

«እጁ ይቀዘቅዛል።»

ዶክተር ሙሉነሽ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና በዝግታ፣ ልጄ፣ እሱ እኮ አልነካሽም፤ የነካችሽ ሜላት ናት አሏት። ሜላት ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች። በዚህ ጊዜ ሳቁን ያፈነ የለም። ዶክተር መሳፍንት ወንበሩን ይዞ ሳቀ፤ ዶክተር እመቤት እንባዋን ጠረገች፤ ባምላክ ብቻ አልሳቀም። እሱ አለመሳቁ ደግሞ ከሁሉም ባሰባት።

ዶክተር ሙሉነሽ ፍርዳቸውን ሲናገሩ ስሜነሽ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ያልነካት እጅ ቀዘቀዘ ተብሎ አይቆጠርበትም፣ ዶክተር ባምላክ ከሰኞ ጀምሮ ተማሪዎች ይሰጡታል አሉ። ሌሎቻችሁ ያያችሁትን ልብ በሉ፤ ታካሚዋ ከተሰጣት ወጥታ መንገድ አሳተችው፣ እሱም ሲጠፋበት ተማሪዋን ወደ ታካሚዋ መለሳት፤ የተሰጣትን ብቻ ብታደርግ ይህን አናይም ነበር አሉ። ወደ ስሜነሽ ዞረውም አመሰገኗት። የሚቀጥለው ዙር ሠልጣኞች ሲመጡ አደራሽን እንደዚሁ አደናግሪልን አሏት።

ወደ ክበቡ ስትመለስ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ተማሪዎቹ ከእሷ ቀድመው ገብተዋል፤ ወሬውም ከእነሱ ጋር። ዳቦ ስታቀርብ አንዱ፣ ያ አፉን አፍኖ የነበረው፣ በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ፣ ስሜነሽ ማኅበሩ ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ሳል ያዘው። ባምላክ መጣና ሻይ ጠየቀ። በመናደዷ ቀዝቃዛውን መምረጥ ረስታ የፈላውን ቀዳችለት። «እናመሰግናለን፣ ስሜነሽ» አላት። በስሟ።

ጓዳ ገብታ ትሪውን ጣለችው። እትዬ ዘውድነሽ ስኒ እያደረቁ ነበር፤ እጃቸውን አላቆሙም። ስሜነሽ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው፤ መጋረጃውን፣ ሹክሹክታውን፣ ይቅርታውን፣ የሜላትን እጅ። እኔ እሱን ልጥለው ገብቼ እሱን አሳለፍሁት አለች። አሁን ደግሞ የሐኪም ቤቱ ተማሪ ሁሉ የማኅበር ቤት ሊለኝ ነው።

«ያ ሰው ነው እትዬ፣ ያ ሰው ነው ስሜን ያጠፋው» አለች። «ነገሬን ለአገር ያዳረሰው እሱ ነው። ግን አይቀርለትም፤ ያዩታል፣ ሌላ ዘዴ አለኝ።»

እትዬ ዘውድነሽ የያዙትን ስኒ ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩት፤ አስቀመጡት።

«እሱ የነገራቸው በሽተኞች አምና ወደየአገራቸው ገብተዋል። ለአወቀ የነገርሽው አንቺ፣ ለእኔ የነገርሽኝ አንቺ፣ ዛሬም አልጋ ላይ ቆመሽ ያወጅሽው አንቺ። እሱስ በጆሮሽ ነበር ያስነገረሽ። በይ፣ አሁን ስኒሽን እጠቢ።»